ሁዳዴ የያዘች ሐረግ

ፀሐይወርቅ ማንሾካሾክ አትችልም። ዓባይ ማዶ ያለው፣ የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ይህን ካወቀ ቆይቷል። ሠላሳ ሰባት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ሠርታለች፤ ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ ላይ ሲንኳኩ ከጎኗ ላለችው ሴት «ክር ተበጥሷል» ለማለት እንኳ ጉሮሮዋ እስኪነቃ መጮህ ነበረባት። ጡረታ ስትወጣ ግማሹን ጆሮዋን እዚያው ትታ ድምፅዋን ብቻ ይዛ መጣች። ስለዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆና ለራሷ ያጉተመተመችውን ግቢ ውስጥ ባጃጁን የሚያጥበው ሰው ይሰማዋል። ከሐረጓ ጋር የምታወራውንም ያልሰማ ጎረቤት የለም።

ከሐረጓ ጋር ታወራለች ወይ ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ታወራለች። ከቴሌቪዥን ጋር የሚጨቃጨቅ ስንት ሰው እያለ እሷን ለይቶ የሚስቅባት ካለ መጀመሪያ ራሱን ይታዘብ።

ሐረጓ የመጣችው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ፀሐይወርቅ ጡረታ በወጣች በሳምንቱ፣ ጠዋት ተነሥታ የምትሄድበት ቢጠፋት፣ የጣናን ዳር ይዛ ዝም ብላ ስትሄድ አንድ ሎጅ በረንዳ ሥር ደርሳ ቆመች። ምሰሶው ላይ የተጠመጠመ ሐረግ አብቦ ነበር። ከአንድ ዘንግ ጫፍ ሃያ ሠላሳ ትንንሽ ኮከቦች ተበትነዋል፤ እያንዳንዳቸው ሰም የተነከሩ ይመስላሉ፤ ነጭ ናቸው፣ መሐላቸው ቀላ ያለ። በጣቷ ነካቻቸው። እውነተኛ አበባ መሆናቸውን አላመነችም። አለበል የሚባለው የሎጁ አትክልተኛ መቀሱን ይዞ እየገረዘ ነበርና ሣቀባት፤ ከዚያም ከቆረጠው ውስጥ ክንድ የሚያህል መዝዞ ሰጣት።

«ሙቀትና ጥላ ካለበት ከሩቅ አገር ጫካ የመጣች ናት» አላት። «ዛፍ ላይ ተጠምጥማ ነው የምትኖር። የቀትር ፀሐይ ያቃጥላታል፤ ብርድም አትችል። ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ያድርጓት። እኛ የሰም አበባ ነው የምንላት።»

የውጭ አገር ስሟንም ነግሯት ነበር፤ የዓባይን ድልድይ ሳትሻገር ረሳችው። ስለ ውሃ ግን አልጠየቀችውም። ውሃ ማጠጣት ማን ይጠፋዋል?

ቤቷ እንደገባች የአሮጌ ቀለም ባልዲ ቂጡን በሳች። ከታች የጡብ ስብርባሪና ከሰል፣ ከላይ የሐይቅ ዳር አሸዋና የበሰበሰ ቅጠል የተደባለቀበት አፈር ሞላችበት፤ በምሥራቁ መስኮት ጥግ አቆመችው። ሐረግ መውጫ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ ሚስማር መትታ፣ በከረጢት ያስቀመጠችውን ትርፍ ክር ከጥግ እስከ ጥግ እንደ ድር ዘረጋችው። ግንዱን ከክሩ ጋር ያሰረችው ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ክር በምትቀጥልበት ቋጠሮ ነው፤ ጠብቆ ይይዛል፣ ግን አያንቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጠሉን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች።

የተጣሉት ገና በመጀመሪያው ወር ነው። ፀሐይወርቅ የሐረጓን ጫፍ ወደ ቀኝ ትጠመጥማታለች፤ ማለዳ ስትነሣ ተፈትታ ወደ ግራ ዞራ ታገኛታለች። ሦስት ሳምንት ታገሉ። በመጨረሻ «እሺ፣ በራስሽ መንገድ ሂጂ» አለቻት፤ ይህንንም ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። የወደደቻት ያን ጊዜ ነው፤ እልኸኛ መሆኗን ስታይ።

በሁለተኛው ዓመት ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ከቅጠሏ ሥር ተጣበቀባት። አለበል «በአረቄ ይጥረጓቸው» አላት። በዕድሜዋ ጠጥታ የማታውቅ ሴት ግማሽ ጠርሙስ አረቄ በፌስታል ይዛ ደረጃ ስትወጣ ታየችና ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ «አረቄው ለሐረጓ ነው፤ የሚጠጣ ካለ ግን ይምጣ» አለች። ማንም አልመጣም።

በሰባት ዓመት ውስጥ ሐረጓ ሳሎኑን ዞረችው። ከመስኮቱ ተነሥታ፣ በበሩ ጉበን ላይ አልፋ፣ ከኪዳነ ምሕረት ሥዕል በላይ ሄዳ፣ ወደ መስኮቱ ተመለሰች። ቅጠሏ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዓይን የሚሞላ ነው። አበባ ግን የለም። አንድም። ባልኮኒው ላይ ያለችው ቡገንቪሊያ በየዓመቱ በቀይ ትፈነዳለች፤ ፀሐይወርቅ ዞር ብላም አታያት። ቡገንቪሊያማ በየአጥሩ ያብባል። እሷ የምትጠብቀው እነዚያን ኮከቦች ነው። በቀሩ ቁጥር ውሃ ጨመረች። ጠዋት ጸሎቷን አድርሳ አንድ ጣሳ፤ ሙቀት ሲበረታ ማታም ሌላ። ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት ጀሪካን ተሸክማ ሦስት ፎቅ ትወጣና መጀመሪያ ለሐረጓ፣ ቀጥሎ ለሽሮዋ።

የይፋግ ልጅ ናት። በዐሥራ ስምንት ዓመቷ ከሩዝ ማሳ ተነሥታ ባሕር ዳር ገባች፤ ፋብሪካ ተቀጠረች፤ እዚያው የሚሠራ መካኒክ አገባች። በአራተኛው ዓመት ሰውየው «ልጅ አልወለድሽልኝም» ብሎ ሻንጣውን አነሣ። አልለመነችውም። በሩን ከፍታ ያዘችለት፤ ሻንጣው ትልቅ ነበርና። ከዚያ በኋላ በኪራይ ቤት ስትንከራተት ኖራ በዕጣ የደረሳት ይህ ቤት፣ ማንም ተነሥቶ «ውጪ» የማይላት የመጀመሪያው ቤቷ ነው። ጎረቤት «ልጅ ስለሌላት ነው ሐረግ የምታሳድግ» ሲል ከሰማች ደሟ ይፈላል። «ዐሥር ልጅ ቢኖረኝም እተክላት ነበር» ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ጣጣው የመጣው በጥር ነው። ከእሷ በታች ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው መርስዔ ኀዘን የሚባል የኮሌጅ ጸሐፊ ለልጁ ክርስትና ቤቱን ቀለም አስቀባ። ሳምንት ሳይሞላው ከሳሎኑ ጣሪያ ጥግ ላይ ሰፌድ የሚያህል ቡናማ እርጥበት ወጣ። ከእርጥበቱ በላይ፣ ልክ በዚያው ጥግ፣ የሐረጓ ባልዲ ተቀምጧል። ሰውየው ጨዋ ነው፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ በሯን አንኳኳ።

«እትዬ ፀሐይወርቅ፣ እርስዎ ጋ የሚፈስ ውሃ ይኖር ይሆን?»

«ግባና እይ» አለችው። ከባልዲው ሥር ያለውን ሳህን አነሣችለት። ሳህኑ ውሃ አለው፤ ከሳህኑ ሥር ያለው ወለል ግን ደረቅ ነው። መርስዔ ኀዘን ወለሉን በእጁ ዳሰሰ፤ አመስግኖ ወረደ። በማግሥቱ ቀና ሲል እርጥበቱ ሰፍቶ አገኘው። ሄዶ ለሕንፃው ኮሚቴ ከሰሰ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ዳኘው ጡረተኛ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ስብሰባ ይወዳሉ፤ ከስብሰባም ቃለ ጉባኤውን ይበልጥ ይወዳሉ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው፣ ሐረጉ በሰባት ቀን ውስጥ ከቤት እንዲወጣ የሚል ውሳኔ አነበቡ።

«ቤት ለሰው ነው የተሠራ» አለ አንዱ ከኋላ። ሣቁ።

ፀሐይወርቅ ተነሣች። «እዚያ ግድግዳ ውስጥ ከአራተኛ ፎቅ የሚወርድ ቧንቧ አለ። እሱን አስከፍቱ።»

«ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ በግምት ግድግዳ አይፈረስም» አሉ አቶ ዳኘው።

«በግምት የኔ ሐረግ ግን ይወጣል?»

ማውጣት ማለት ደግሞ መግደል ማለት ነው። ሰባት ዓመት ግድግዳ ላይ የተጠመጠመ ነገር ሳይቆራረጥ በበር አይወጣም፤ ቢወጣም ግቢው ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ነው። ፀሐይወርቅ ይህን ታውቃለች። ቤት ሄዳ ልታስብበት ትችል ነበር። ግን እዚያው ቆማ ያሰበችውን እዚያው ተናገረችው።

«ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። እኔ እጾማለሁ፤ እሷም ትጹም። እስከ ፋሲካ አንዲት ጠብታ አላጠጣትም። ያ ጣሪያ ከደረቀ በገዛ እጄ ቆራርጬ አወጣታለሁ። ካልደረቀ ግድግዳውን ትከፍታላችሁ፤ እሷንም ዳግመኛ የሚነካት የለም።»

አቶ ዳኘው ጽሑፍ የሚሆን ነገር ሲያዩ ልባቸው ይሞቃል። ወዲያው ጻፉት። እሷ ፈረመች፣ መርስዔ ኀዘን ፈረመ፣ እሳቸውም ፈረሙ። ተደብቃ ብታጠጣትስ የሚል ጥያቄ ከኋላ ሲነሣ ዘዴውን ያመጣችው ራሷ ናት። የባልዲውን አፍ ከግንዱ ጀምሮ በነጭ አቡጀዲ ሸፍና፣ ከጠርዙ ሥር በክር ጠፍራ ዙሪያውን ሰፋችው። መርስዔ ኀዘን በስፌቱ ላይ በብዕር ቀለም ስሙን ደጋግሞ ጻፈበት፤ ውሃ ከነካው ቀለሙ ይፈሳል። ሰውየው በሥራው ብዙ ፖስታ አሽጓል፤ ሐረግ ሲያሽግ ግን የመጀመሪያው ነው።

«ፀሐይወርቅ ሐረጓን ሁዳዴ አስያዘቻት» የሚለው ወሬ ዓባይ ማዶን አዳረሰው። ባለ ባጃጆቹ ስታልፍ ያገኟትና፣ «እትዬ፣ ቅዳሜና እሑድስ ትጾማለች?» ይሏታል።

«ከናንተ ትሻላለች» ትላቸዋለች ሳትቆም።

ፊት ለፊቷ የምትኖረው ሀቢባ ግን አልሣቀችም። ሀቢባ የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ግቢው በር ላይ ሱቅ አላት፤ ዘይትም ስኳርም ወሬም ከእሷ ነው የሚገኝ። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሰሞን ነበር የገቡት።

«እኔ እንኳ ሲመሽ ውሃ እጠጣለሁ» አለቻት። «ይች ምን በድላ ነው ሃምሳ አምስት ቀን?»

«ምንም አልበደለችም። በድላለች ያሏት እነሱ ናቸው።»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም የተለየ ነገር አልታየም። ፀሐይወርቅ በልማድ ጠዋት ጣሳዋን ሞልታ ትነሣና ባልዲው ዘንድ ስትደርስ አቡጀዲውን ታያለች፤ ውሃውን መልሳ ጀሪካን ውስጥ ትገለብጠዋለች። በሦስተኛው ሳምንት የቅጠሉ ብርቀት ጠፋ። በአራተኛው ቅጠሉ እንደ አሮጌ ቦርሳ ተሸበሸበ፤ ወፍራሙ ሁሉ ሳሳ። የመጋቢት ሙቀት ደግሞ በባሕር ዳር ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ፀሐይወርቅ ፈራች። እልኸኛ ሰው አይፈራም የሚል ካለ እልኸኛ ሰው አያውቅም።

በደብረ ዘይት እሑድ መርስዔ ኀዘን በሯን አንኳኳ። ፊቱ ከቅጠሉ ይልቅ ተሸብሽቧል።

«እትዬ፣ ጣሪያው መንጠብ ጀመረ። ሳፋ ደቅነንበታል። እርስዎ ጋ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ምላጭ ይዤ መጥቻለሁ፣ አቡጀዲውን ልቅደደውና አጠጧት።»

ፀሐይወርቅ ሐረጓን አየቻት። እጇ ወደ ጣሳው ሊሄድ ምንም አልቀረውም ነበር።

«ወረቀቱ እስከ መቼ ይላል?» አለችው።

«እስከ ፋሲካ።»

«እንግዲያው እስከ ፋሲካ ነው። ዛሬ ብትቀደው ነገ ‹በመሐል አጠጥታለች› የሚል አይጠፋም።»

ሰውየው ምላጩን ኪሱ ከትቶ ወረደ። በር ላይ ቆማ የሰማችው ሀቢባ ገባችና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እልሁ ለማን ነው? ሰውየው አምኗል። ብትደርቅ የምታለቅሽው አንቺ ነሽ እንጂ ዳኘው አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች ፀሐይወርቅ፤ ሀቢባ ጠጋ ብላ ነው የሰማቻት። «ያመነ ግን አንድ ሰው ነው። በግቢው ሁሉ ፊት ነው ‹ትውጣ› ያሉ። በሩን ከፍቼ አንድ ጊዜ ሸኝቻለሁ፤ ሁለተኛ አልሸኝም።» ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ጠብታው አልቆም ሲል፣ ኮሚቴው ግድግዳውን አስከፈተ። ከአራተኛ ፎቅ የሚወርደው ቧንቧ ልክ ከፀሐይወርቅ ወለል ሥር ተሰንጥቆ ተገኘ። አቶ ዳኘው ኮፍያቸውን አውልቀው ደጇ ድረስ መጡ፤ ጉዳዩ እንደተዘጋ፣ ስብሰባ መጥራትም እንደማያስፈልግ በለሆሳስ ነገሯት።

«በስብሰባ የተባለ በስብሰባ ነው የሚነሣ» አለቻቸው። «ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ጥሩልኝ።» ይህን በለሆሳስ አልተናገረችውም።

ሆሳዕና ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ከአንዱ የተሸበሸበ ቅጠል ሥር የጎመን ዘር የሚያህሉ እብጠቶች ተጠራቅመው አየች። ነጩ ተባይ ተመልሶ የመጣ መሰላት፤ ጥጥና አረቄዋን ይዛ ወንበር ላይ ወጣች። ቀርባ ስታይ ተባይ አይደለም። ከአንዲት አጭር ዘንግ ጫፍ የበቀሉ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሌላም ቅጠል ሥር አለ፤ ሌላም። አረቄውን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አንሥታ፣ ድልድዩን ተሻግራ አለበል ዘንድ ሄደች።

አለበል የምትለውን ሰምቶ፣ «ውሃ ካገኘች ስንት ቀን ሆናት?» አላት።

«አርባ ስድስት።»

«ከዚያ በፊትስ በስንት ቀን ነበር የሚያጠጧት?»

«በየቀኑ ነዋ።»

አለበል መቀሱን መሬት አስቀመጠ። «ሰባት ዓመት? በየቀኑ?» ሴትዮዋን ማሳፈር አልፈለገም። «ይች እኮ ዛፍ ላይ የምትኖር ናት፤ ሥሯ ደረቅ ሲል ነው አበባ የምታስብ። ውሃ ከበዛላት ቅጠል ታበቅላለች፤ ምን አስጨንቋት ታብባለች? እኛ ሥሯ እስኪደርቅ ጠብቀን በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ይህን የማያውቅ የለም ብዬ ነው ያልነገርሁዎ። እብጠቱ አበባ ነው። በፋሲካ ጥቂት ውሃ ይስጧት፤ ከቦታዋ ግን እንዳያንቀሳቅሷት፣ ታራግፈዋለች።»

ፀሐይወርቅ ስትመለስ ድልድዩ ላይ ቆመች። ደስታው ገና ከጉሮሮዋ ሳይወርድ ኀፍረቱ ደረሰበት። ሰባት ዓመት በየማለዳው፣ ጀሪካን እየተሸከመች፣ ከራሷ አስቀድማ እያጠጣች፣ አበባዋን የከለከለቻት ራሷ ናት። መርስዔ ኀዘን አይደለም፤ ኮሚቴውም አይደለም። ይህን የሚያውቅ ደግሞ ከአለበል በቀር ማንም የለም፤ አለበልም ከድልድዩ ወዲያ ነው። ዝም ብትል ዓለም አይጠይቃትም።

በፋሲካ ማግሥት መርስዔ ኀዘን መጥቶ ስሙን ዙሪያውን አየ፤ አንድም ፊደል አልፈሰሰም። አቡጀዲውን ቀደደው፤ እሷም ግማሽ ጣሳ አጠጣች። ሐሙስ ወደ ማታ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አራት ዘለላ ኮከብ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ሽታው የማር ሽታ ነው፤ በበሩ ሾልኮ ደረጃውን ይዞ ወረደ። ሰዎች ከየቤታቸው ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ፀሐይወርቅ ሳሎኗ መሐል ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ማልቀሷንም አልደበቀችም።

እሑድ ስብሰባው ሞላ። አቶ ዳኘው መነጽራቸውን አውርደው አነበቡ፤ የእርጥበቱ ምክንያት የቧንቧ ስንጥቅ መሆኑ ስለተረጋገጠ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከጥፋቱ ነፃ ናቸው፤ ሐረጉም በቤታቸው ይኖራል። መርስዔ ኀዘን ሳይጠየቅ ተነሥቶ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቀ። ጭብጨባ ሆነ። ሰው ወንበሩን መሰብሰብ ጀመረ።

«አልጨረስንም» አለች ፀሐይወርቅ።

ወንበሮቹ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ሰባት ዓመት ውሃ አበዛሁባት። ሳታብብ የኖረች በእኔ ነው። ያበበች ስለጾመች ነው። ይህንን አሁን ነው ያወቅሁ፤ እናንተም እወቁት።»

ከኋላ በኩል ያ «ቤት ለሰው ነው» ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዴ፣ ታዲያ ውሃ ታበዛለች ያልነው ልክ ነበራ?»

«ልክ ነበር» አለችው። «የሰው ጣሪያ ግን አላረጠብሁም። አቶ ዳኘው፣ ሁለቱንም ይጻፉ።»

አቶ ዳኘው ተቸገሩ። ሰውን ነፃ አውጥተው እዚያው ወረቀት ላይ መልሰው ጥፋት መጻፍ በዕድሜያቸው አጋጥሟቸው አያውቅም። «እመቤቴ፣ አሸንፈዋል እኮ። ይህ እርስዎን ነው የሚጎዳ፤ ምን ያደርግልዎታል?»

«ልታስወጧት የሐሰት ቃል ጻፋችሁ። አሁን ደግሞ በግማሽ እውነት ልታኖሯት? ሐረጌ በግማሽ አልጾመችም።»

አቶ ዳኘው የብዕራቸውን ክዳን ቀስ ብለው እንደገና ከፈቱ፤ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«እንዴት ብዬ ልጻፈው?» አሉ።

«እንደተናገርሁት» አለች ፀሐይወርቅ፤ እስኪጽፉም ቆማ ጠበቀቻቸው።